ሦስት ኪሎሜትር

ሰውዬው ከአዲስ አበባ ሌሊት ነድቶ ደረሰ፣
ሰላምታ ሳይጨርስ ከሥሯ አጎነበሰ።
ማግኔት በመሀረብ ጠቅልሎ፣ በሯን እየዳበሰ፣
ስቱኮ ነክቷት እንደሁ ቆርቆሮዋን አስለፈለፈ፤
አንዳች አላገኘም። በደብተሩ ጻፈ።

«ኦሪጅናል ናት?» አለኝ ቀና ሳይል ከመሬት።
«ናት» አልኩት።
ከተነካ ብሎኗ ያልተነካው ይበልጣል፤
አባቴ ጠሃ አባ ፊጣ ነው የጠበቃት።

ሁለት ወንበር ብቻ፤ ከኋላ ለድመት እንኳ ቦታ የላት፤
ቀለሟ የአጓት፣ ቆዳዋ ቀይ ዳማ፣
ከሐምቡርግ በመርከብ፣ ከጅቡቲ በባቡር፣
ከዚያ ጎማዋን በሰንሰለት አስራ የገባች ጅማ።
ዘጠኝ ወር ለሚዘንብበት አገር ጣሪያዋ የሚታጠፍ!
ፈረንጅ አራዳ ስቆ ነበር አሉ፣
«ሙሴ ስታማቲ መኪና ገዝቶ ክዳኑን ረሳው» እያሉ።

በስልሳ ሰባት፣ የቡና መጋዘኑ ሲታሸግ፣
ሙሴ አንዲት ሻንጣ ይዞ አገር ለቆ ሊያፈገፍግ፣
ቁልፏን በአባቴ መዳፍ አኑሮ ጣቶቹን አጠፈለት።
«እስክመለስ» አለው። ሌላ ቃል አልወጣለት።

አባቴ ምን ያድርግ? የሰው ዕቃ ከእሳት ይብሳል።
በቡና ገለባ ጆንያ ቀበራት፤ ገለባ ማን ይፈትሻል?
የቀበሌው ዘበኛ እላዩ ተቀምጦ ሲጋራ አጭሷል።
አርብ አርብ፣ ከጁምዓ መልስ፣ የመጋዘኑን በር ዘግቶ፣
ጎማዋ እንዳይረግብ በአራት የዋንዛ ጉማጅ አንስቶ፣
ካንዴላዋን በቤንዚን ያጥባል፣ ሞተሯን በእጁ ያዞራል፣
አይጥ እንዳይገባባት ጭስ ማውጫዋን በጨርቅ ይወትፋል።
አይነዳትም።
«የሰው ኪሎሜትር አይበላም» ይል ነበር፣
የሰው እህል እንደማይበላ ሁሉ፣ በቁም ነገር።

ሰውዬው የቆጣሪዋን መስታወት ጠርጎ ቁጥሩን አነበበ፤
«አሥራ ዘጠኝ ሺህ አራት መቶ ሁለት!» ትንፋሹን ሰበሰበ።
ከዚያ በቀኙ ወንበር ላይ ባትሪውን አቆመ፣
«ይሄ እድፍ ዋጋ ይቀንሳል» ብሎ አጉረመረመ።

እኔ ነኝ፣
አልኩ በሆዴ።

ሰባ አንድ፣ ሐምሌ፣ ከሰዓት እላፊ በኋላ፣
እናቴ ዘምዘም ግድግዳ ተደግፋ፣ ምጧ እንደ አዌቱ ሲሞላ፣
ጋሪ የለ፣ አምቡላንስ የለ፣ ጎረቤት በር አይከፍት፣
አባቴ ጆንያውን እየወረወረ ደረሰባት።
ከዚያም (ይህን እሷ ናት የነገረችኝ፣ እየሳቀች፣ ደጋግማ)
ምጥ የያዛትን ሴት ዝናብ ላይ አቁሞ፣
የእጅ ባትሪ በጥርሱ ነክሶ፣ ከመሪው ሥር ተጋድሞ፣
የቆጣሪዋን ገመድ ፈታ።
«አብደሃል?» አለችው።
«የሰው ነው» አላት በእርጋታ።

ጣሪያ ለመዘርጋት ማን ጊዜ አለው? ዝናቡን ጠጡት።
ከሂርማታ እስከ ሆስፒታሉ በር ሦስት ኪሎሜትር ነው፤
እኔ ግን አልጠበቅሁም፣ በሁለተኛው ላይ መጣሁ፣
ከጀርመን ቆዳ ላይ ሆኜ የጅማን ዝናብ አየሁ።
ኬላ ላይ ያስቆማቸው አብዮት ጠባቂ ወደ ውስጥ አበራ፣
ክላሹን ወደ ኋላው አዞረ። ያየውንም እስከ ዛሬ አላወራ።
ለሁለት ሰው ተሠርታ
ሦስት ሆነን ተመለስን።

ቆዳውን በሳሙና፣ በሎሚ፣ በነጭ ጋዝ አሸ፤
«ሲመጣ ምን እላለሁ?» እያለ፣ ዕድሜው መሸ።
ሙሴ አልመጣም። ከአቴና የጻፈው የልጅ ልጁ ነው፣
«ሽጭልኝ» ብሎ፣ ጅማን ካርታ ላይ ያየ ልጅ ነው።

«እሺ፣ ምንድን ነው?» አለኝ ሰውዬው፣ እስክሪብቶውን አንስቶ።
«ውሃ ነው» አልኩት። «አንዴ ጣሪያዋ ተከፍቶ
ዘንቦባት ነበር።» ውሸትም አይደለ።
መቶ ሺህ ብር ቆረጠ። ይሁን፣ ምን ተጓደለ?

ከሰዓት በአይሱዙ ጀርባ፣ በሸራ ተሸፍና ወጣች።
አባቴ፣ ቁጥሯ እንዳለ ነው፤ እንደተሰጠችህ ተሰጠች።
እኔ በአራቱ የዋንዛ ጉማጅ መሃል፣
ዘይቷ የነጠበበት ቆሜያለሁ።
ሦስቱን ይዣቸዋለሁ።
የሰው አይደሉም።